ኒሞኮከስን ከአክታ ማውጣት፦ ባክቴሪያው ራሱን ሳያፈርስ መድረስ

የሳንባ ምች ዋነኛ አምጪ የሆነው ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒዬ (ኒሞኮከስ) ላቦራቶሪ ደርሶ "ምንም አልበቀለም" ተብሎ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሊትኤ በሚባል ኢንዛይም የገዛ ግድግዳውን ስለሚያፈርስ መዘግየትን አይችልም። አክታው በ2 ሰዓት ውስጥ ይዘራ፤ ከተቻለም ታማሚው አንቲባዮቲክ ሳይጀምር ይወሰድ።

ምራቅ አትቀበሉ። በ10 እጥፍ ሌንስ ከ25 በላይ ነጭ የደም ሴልና ከ10 በታች የአፍ ሴል ካልታየ ሌላ ናሙና ይምጣ። በግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በቀለም በሚለይ ምርመራ) የሚፈለገው ሐምራዊ፣ ጥንድ ጥንድ የሆነ፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ባክቴሪያ ነው። አልኮሉ ከበዛ ወይም ባክቴሪያው ካረጀ ቀይ ሆኖ ያሳስታል።

አጋሩ (ባክቴሪያው የሚዘራበት ምግብ) 5 በመቶ የበግ ደም ይኑረው። ጊዜው ያለፈበት የደም ባንክ ደም ርካሽ ቢሆንም ሲትሬቱና (ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው) የለጋሹ ፀረ እንግዳ አካል እድገቱን ይገታሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲበዛ ሻማ በተለኮሰበት ክዳናማ ማሰሮ፣ በ35 ዲግሪ፣ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ኮሎኒው (የበቀለው የባክቴሪያ ክምር) አረንጓዴ ቀለበት አለው፤ መሃሉ ጎድጎድ ይላል፤ ያ ጉድጓድ የራሱን ሴሎች የበላበት ቦታ ነው።

የአፍ ስትሬፕቶኮከሶችም አረንጓዴ ስለሚሆኑ 5 ማይክሮግራም ኦፕቶቺን (ኒሞኮከስን የሚገታ ኬሚካል) ያለበት ዲስክ አድርጉ። በ6 ሚሊሜትር ዲስክ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ስፋቱ 14 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ኒሞኮከስ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይኖር ከተቀመጠ ክቡ ይሰፋና ሌላውን ዝርያ ኒሞኮከስ ያስመስላል። ከ7 እስከ 13 ከሆነ በ2 በመቶ ሶዲየም ዲኦክሲኮሌት (የሐሞት ጨው) አረጋግጡ፦ ኒሞኮከስ ከሆነ ባክቴሪያው ያደፈረሰው ቱቦ ይጠራል፤ ጨው ውሃ ብቻ የተጨመረበት መቆጣጠሪያ ግን እንደደፈረሰ ይቀራል።

ፔኒሲሊን ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ 1 ማይክሮግራም ኦክሳሲሊን ዲስክ ይበቃል፤ ክቡ 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ፔኒሲሊን ይሠራል። 19 እና በታች ከሆነ "ተቋቋመ" ብላችሁ አትጻፉ፤ ኤምአይሲ (እድገቱን የሚገታው ትንሹ የመድኃኒት መጠን) ይለካ። ለማጅራት ገትር የፔኒሲሊን ኤምአይሲ በሚሊሊትር 0.06 ማይክሮግራምና በታች ከሆነ ይሠራል፣ 0.12 እና በላይ ከሆነ ግን አይሠራም።

ቶሎ ቶሎ ለሚተነፍስ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ለሚሰረጉድ ልጅ፣ የአደጋ ምልክት ከሌለው፣ 250 ሚሊግራም በውሃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን ይሰጣል፦ ከ2 እስከ 12 ወር 1 እንክብል፣ እስከ 3 ዓመት 2፣ እስከ 5 ዓመት 3። እናት በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው የተረፈውን ለታናሹ እንዳታስቀምጥ ንገሯት። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ግን የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መርፌ ተሰጥቶት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይላክ።