የኮሮላን ታይሚንግ በጆሮ አታስተካክሉ

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ኮሮላ መጣልኝ። ሦስቱም በፈረንጆቹ 90ዎቹ የተሠሩ፣ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያላቸው ናቸው። ሦስቱም ላይ ዲስትሪቢዩተሩ ተፈትቶ ተገጥሟል፣ ሦስቱም ላይ ታይሚንጉ፣ ማለትም እሳቱ የሚመጣበት ሰዓት፣ የተስተካከለው በጆሮ ነው። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንግባባ። የዚህ ሞተር ዲስትሪቢዩተር እሳት ማከፋፈያ ብቻ አይደለም። ቫልቮቹን ከሚከፍተው ካምሻፍት ጫፍ ጋር ተያይዞ ይዞራል፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ጂ እና ኤንኢ የሚባሉ ሴንሰሮች አሉ። ኮምፒውተሩ ሞተሩ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በእነሱ ነው። ስለዚህ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ከላላ ወይም ከካምሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው መያዣ ከተበላ እሳቱም መረጃውም አብሮ ይዛባል።

አሁን ወደ ጆሮው ነገር። ኮፈን ይከፈታል፣ የ12 ቁልፍ ይመጣል፣ ብሎኖቹ ይላላሉ። አንዱ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሌላው ዲስትሪቢዩተሩን እያዞረ ያዳምጣል። ድምፁ ሲያምር ይታሰራል። በቃ! ይሄ ሥራ አይደለም። እናንተ በምታዞሩበት ሰዓት ኮምፒውተሩም በራሱ ታይሚንጉን እያስቀደመና እያዘገየ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሆናችሁ ነው የምትለኩት። ኮፈኑ ሥር ዲያግኖሲስ የሚል ሳጥን አለ። ክዳኑን ክፈቱና ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። ያኔ ኮምፒውተሩ እጁን ይሰበስባል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ኤሲውና መብራቱ ይጥፋ፣ ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ የሚለውን የታይሚንግ መብራት 1ኛው የካንዴላ ገመድ ላይ ያዙ፣ ፑሊው ላይ ያለው ምልክት 10 ዲግሪ ላይ እስኪያርፍ አዙሩ። ከዚያ እሰሩ፣ ካሰራችሁ በኋላም እንደገና እዩ፣ ሲጠብቅ ትንሽ ይንሸራተታልና።

አንድ ደንበኛዬ መኪናውን በጆሮ አሠርቶ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። አዲስ አበባ ላይ መኪናው ነፍስ ዘርቶ ነበር፣ ራሱ ነው ያለኝ። እውነቱን ነው፤ እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ስለሆነ እሳቱ ቀድሞ ቢመጣም ሞተሩ ችሎ ያልፋል። መተሐራን ሲያልፍ ግን ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱም አለ፣ አየሩም ወፍራም ነው። መኪናው ጭኖ ነበር። ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቀጠቀጥ ዓይነት ድምፅ ጀመረ፣ እሱ ግን የነዳጅ ጥራት መሰለውና ቀጠለ። ተጎትቶ ሲመጣ የቴስታታው ጋስኬት ተበልቷል፣ አንዱ ፒስተን ጠርዙ ተቦርብሯል። ሰውየው የሚተዳደረው በዚያች መኪና ነው። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፤ አንድ ቁራጭ ሽቦና አንድ መብራት የሚከለክለው ጉዳት ነበር።

ሽቦውን ስትሰኩ ግን ፊደሉን አንብቡ። እዚያው ሳጥን ውስጥ የባትሪ ፖዘቲቭ አለ። እሱን ከኢ1 ጋር ካገናኛችሁት ሾርት ነው።

ሽቦውን አገናኝታችሁም ምልክቱ ወዲህና ወዲያ የሚል ከሆነ ዲስትሪቢዩተሩን አትክሰሱት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የነዳጅ መስጫው ሴንሰር ነው፤ እግር መነሳቱን ለኮምፒውተሩ ካልነገረው ሽቦው ብቻውን አይሠራም።

ሌላው፣ ዲስትሪቢዩተሩ እስከ ጥግ ዞሮም 10 ዲግሪ አልደርስ ሲል የብሎኑን ቀዳዳ በሞረድ የሚያሰፉ አሉ። እባካችሁ ይሄን ተዉ። ጥግ ደረሰ ማለት የታይሚንግ ቺንጊያው ጥርስ ዘሏል ወይም ዲስትሪቢዩተሩ ሲገባ ተዛብቷል ማለት ነው። ይህ ሞተር ቺንጊያው ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። ለዚህ ነው ጥርስ ዘልሎም እየተነዳ የሚከርመው፣ ባለቤቱ ደግሞ አቅም የለውም እያለ ጋራዥ ለጋራዥ ይንከራተታል።

ዲስትሪቢዩተሩን መልሳችሁ ስትገጥሙ ፑሊውን ዜሮ ምልክት ላይ ማድረስም ብቻውን አይበቃም። ፑሊው ያለበት ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ምልክቱ አንዴ ለ1ኛው፣ አንዴ ለ4ኛው ሲሊንደር ይመጣል። 1ኛውን ካንዴላ ፍቱ፣ ቀዳዳውን በጣት ዝጉ፣ ሞተሩን በመፍቻ በእጅ አዙሩ። አየር ጣታችሁን ከገፋው ትክክል ናችሁ።

የተበላ መያዣ ስትቀይሩ ፒኑን ከመምታታችሁ በፊት ዘንጉም መያዣውም ላይ ምልክት አድርጉ። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሳላደርግ ቀርቼ ገልብጬ ገጠምኩት። ፒኑ በሁለቱም በኩል ይገባል፣ ምንም ነገር አልከለከለኝም። ቀኑን ሙሉ መኪናው አልነሳ አለ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ጥፋቱን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። የዚያን ሰው የአንድ ቀን ሥራ አስቀርቻለሁ።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲስትሪቢዩተር ስትገዙ ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ ተዉት። ክዳኑንም ክፈቱ፤ ውስጡ ዘይት ካለ የዘንጉ ሲል፣ ዘይት የሚከለክለው ጎማ፣ አልቋል፣ ዘይቱ ደግሞ ውሎ አድሮ ሴንሰሮቹ ጋ ይደርሳል። ዘንጉ ላይ ባለው ጥርስና በሴንሰሩ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው፣ በካቻቢቴ እየጎረጎራችሁ አታጣሙት።

ዲስትሪቢዩተሩ ሞተሩ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን የሚዘጋውን ጎማ፣ ኦሪንጉን፣ በአዲስ ቀይሩ። ሁልጊዜ።

ሥራው ሲያልቅ ሽቦውን ንቀሉ፣ የታይሚንግ መብራቱን ግን ቶሎ አታንሱ። ምልክቱ ከ10 ዲግሪ ተነስቶ ወደፊት መሄድ አለበት፣ ኮምፒውተሩ ሥራውን መልሶ ተረከበ ማለት ነው። ካልተንቀሳቀሰ መኪናውን ለባለቤቱ አትስጡ። ሽቦውን መልሳችሁ አገናኝታችሁ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ሲከፈት ቼክ ኢንጂን መብራቱ በብልጭታ 12 ወይም 13 ቁጥርን የሚቆጥር ከሆነ ኮምፒውተሩ የጂ ወይም የኤንኢ ምልክት እያጣ ነው። መጀመሪያ የሴንሰሩን ሶኬትና ገመድ እዩ፣ ከዚያ ነው ዲስትሪቢዩተሩን የምትፈቱት።