እንጀራ ሳይተዉ የደም ስኳርን መቆጣጠር

የስኳር ሕመም እንዳለበት የተነገረው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንጀራ ልተው ወይ?» ብሎ ነው። መተው አያስፈልግም። ግን ምን ያህል እንደሚበላ ማወቅ፣ ከምን ጋር እንደሚበላ መምረጥ፣ ከዚያም በመለኪያ ማረጋገጥ የግድ ነው።

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ቆጮ፣ ማርና ስኳር ካርቦሃይድሬት አላቸው። አንጀት ውስጥ ተፈጭተው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ሆነው ወደ ደም ይገባሉ። አሰር ወይም ፋይበር የሚባለውም ከካርቦሃይድሬት ይቆጠራል፤ ሰውነታችን ስለማይፈጨው ግን ስኳር አይሆንም። በውሃ የሚሟሟው አሰር ምን እንደሚሠራ በዓይን ማየት የፈለገ፣ የተወቀጠ ተልባ ውሃ ውስጥ ያሳድር፤ ጠዋት ዝልግልግ ብሎ ያገኘዋል። አንጀት ውስጥም እንዲሁ ይዝለገለግና ግሉኮሱ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። አብሽ፣ አጃ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራም ይህ ዓይነቱ አሰር አላቸው። የስንዴ ፉርሽካ አሰር በአብዛኛው የማይሟሟ ነው፤ የሆድ ድርቀትን ይከላከላል፣ ስኳርን የማዘግየት አቅሙ ግን ያንሳል።

«ጤፍ ፋይበር ስላለው ስኳር አይጨምርም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም በዚህ ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህ ውስጥ አሰሩ 8 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ግሉኮስ ይሆናል። ጥቁር ይሁን ነጭ በዚህ በኩል ብዙ ልዩነት የለውም። ይልቅ ሩዝ ወይም ነጭ የስንዴ ዱቄት ተቀላቅሎበት እንደሆነ ይጠይቁ፤ አሰሩን የሚቀንሰው እሱ ነው።

የኩሽና ሚዛን ካለ አንድ ሙሉ እንጀራ ይመዝኑ። ከክብደቱ ሢሶ የሚጠጋው ካርቦሃይድሬት ነው ብለው ያስሉ፤ 300 ግራም የሚመዝን እንጀራ 100 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይኖረዋል። ለብዙ አዋቂ ሰው በአንድ ማዕድ ከ45 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መነሻ ይሆናል፤ ትክክለኛውን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ። ስለዚህ የዚያ እንጀራ ሢሶ (33 ግራም)፣ ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር (20 ግራም፣ ከዚህ 8ቱ አሰር) እና ግማሽ ኩባያ ጎመን (5 ግራም) ቢያቀርቡ ልኩ ይሞላል።

ችግሩ ትሪ ላይ ነው። አብረን ስንበላ ከሥር የተነጠፈው፣ ከጎን የተጠቀለለው፣ በጉርሻ የሚመጣው ሲደመር ማንም ልኩን አያውቅም። ድርሻዎን መብላት ሳይጀምሩ ቆርሰው ሳህንዎ ላይ ያኑሩ፤ ቤተሰቡም ይወቀው። ፍርፍር ደግሞ እንጀራውን ከመቆራረስዎ በፊት ካልመዘኑት በኋላ ዓይን ይሸውዳል። ሽሮም ወጥ ተብሎ ይታለፋል እንጂ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ዱቄት ስለሆነም ከድፍን ምስር ይልቅ ቶሎ ይፈጫል።

ቅደም ተከተልም ይረዳል። መጀመሪያ ሰላጣውን፣ ጎመኑን ወይም ፎሶሊያውን፣ ቀጥሎ እንቁላሉን ወይም ሥጋውን፣ እንጀራውን ወደ መጨረሻ መብላት ከምግብ በኋላ ስኳር የሚወጣበትን ከፍታ ይቀንሳል። ሲጨርሱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በእግር ይንቀሳቀሱ።

ቡናን አይርሱ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ካደረጉ 24 ግራም ጠጥተዋል፣ አንዲት ግራም አሰር ሳይኖረው። በሶ በስኳር፣ ተልባ በማር ሲበጠበጥም የእህሉ ጥቅም በጣፋጩ ይዋጣል። ማር ስኳር አይጨምርም የሚሉትን አይስሙ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው።

ውጭ አገር ለሚኖሩ፦ በአሜሪካ የታሸገ ምግብ ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት አሰሩንም ይጨምራል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን የተጻፈው ካርቦሃይድሬት አሰሩን አይጨምርም፤ ስለዚህ አሰሩን ከእሱ ላይ እንደገና አይቀንሱ።

ልኩ ለእርስዎ መስማማቱን የሚነግርዎ መለኪያው ነው። ከመብላትዎ በፊት ይለኩ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከጎረሱ ከ2 ሰዓት በኋላ ይድገሙ። ለብዙ እርጉዝ ያልሆኑ አዋቂዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ በኋላ ከ180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ጥሩ ነው። ብርቱካን በላጠ እጅ አይለኩ፤ ጣት ላይ የቀረው ስኳር ውጤቱን ያሳስታል። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ።

አሰር በአንድ ጊዜ አይጨምሩ፤ ሆድ ይነፋል፣ ሰውም ተማሮ ይተወዋል። በየጥቂት ቀኑ አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ ግማሽ ኩባያ ምስር ይጨምሩ፤ ውሃም አብረው ይጠጡ። የተልባ ወይም የአብሽ መጠጥን ከኪኒን ቢያንስ 2 ሰዓት ያራርቁ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (የደም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን) የሚወስዱ ሰዎች የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል እንጀራ በድንገት ቢቀንሱ፣ ወይም በጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ቢቆዩ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ላብ ካጠመቀዎ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ አሰር ያለው ምግብ አይሆንም፤ ያዘገያል። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፣ ካልወጣ ይድገሙ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ።