የአክስቴን የእንቅልፍ ውሃ እንዴት እንደፈተንነው

ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለአክስቴ ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው ብልቃጥ ላይ ጥሬ ቡና፣ 30 ጊዜ የቀጠነ ይላል፤ የሆሚዮፓቲ፣ ማለትም ሕመሙን የሚያመጣው ነገር ራሱ እጅግ ሲቀጥን ያድናል የሚል ሕክምና፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። እንቅልፍ የሚነሳ ቡና ሲቀጥን እንቅልፍ ይሰጣል ነው ነገሩ። ከመሳቅ ይልቅ ፈተንነው፤ ለምትሞክሩት እነሆ።

ጥሬ ቡና ወቅጣችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉና አጥሉት። 1 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ቀድታችሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ 99 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ጨምሩ፤ በኃይል ናጡት። ከዚያም 1 ሚሊ ሊትር ወደ ቀጣዩ ሃይላንድ፣ እንዲህ እያላችሁ 30 ጊዜ። ሲሪንጁን በየዙሩ ለውጡ። 12ኛው ላይ ስትደርሱ መጠኑ 1 ለ10 ርቢ 24 ነው፤ የአቮጋድሮ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሞል (የኬሚስቶች የመጠን መለኪያ) ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ብዛት፣ ደግሞ 6.022 በ10 ርቢ 23። ከዚያ ወዲያ የቡና ሞለኪውል አይጠበቅም። የሆሚዮፓቲ ደጋፊዎች «ውሃው ያስታውሳል» የሚሉትም ለዚህ ነው።

ዋናው ሥራ ግን የቱ ብልቃጥ ቡና፣ የቱ ባዶ እንደሆነ ሰጪውም ጠጪውም እንዳያውቁ ማድረጉ ነው። ባዶውንም ውሃ እኩል ናጡት። ጎረቤታችን ቤቷ ሆና ሳንቲም ትወረውራለች፤ አንበሳ ከወጣ ቡናውን፣ ካልወጣ ባዶውን ከ1 እስከ 20 በተቆጠሩ ብልቃጦች ትሞላለች። ዝርዝሩን በፖስታ አሽጋ ታስቀምጥና እኛ ቤት ዝር አትልም። (ሃያ ቀን ቡና ሳንጠራት ከረምን ብላ አኩርፋኛለች።)

ይህን የተማርኩት ከስህተቴ ነው። መጀመሪያ የቱ የቱ እንደሆነ እያወቅሁ ስሰጣቸው፣ በቡናው ማግስት «እትዬ፣ ዛሬስ ደህና ተኙ?» ስል ድምፄ ይለሰልስ ነበር። የሳምንት ልፋት ጣልሁ።

ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ ቤንቬኒስትም በ1988 እ.ኤ.አ. በዚሁ ተፈትኗል። ሞለኪውል እስከማይቀርለት የቀጠነ ፀረ እንግዳ አካል በነጭ የደም ሕዋስ ላይ ይሠራል ብሎ ኔቸር መጽሔት ላይ አወጣ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ማዶክስ፣ የመድረክ ምትሃት አሳዪው ጀምስ ራንዲና የሳይንስ ማጭበርበር መርማሪው ዋልተር ስቱዋርት ፓሪስ አጠገብ ያለው ቤተ ሙከራው ሄዱ። የብልቃጦቹን ምስጢር የያዘውን ዝርዝር በፎይል ጠቅልለው ኮርኒስ ላይ ለጠፉት። የቱ ብልቃጥ የቱ እንደሆነ ማንም ሳያውቅ ሲቆጠር ውጤቱ ጠፋ።

አክስቴ ማታ አንድ ብልቃጥ ይጠጣሉ፤ ጠዋት «ቡና» ወይም «ባዶ» ይላሉ፤ እጽፋለሁ። የከሰዓቱን ቡናና ብርድ ልብሱን አትለውጡ፤ የእኛ አገር ውርጭ ብቻውን እንቅልፍ ይነሳል። ማለፊያውንም አስቀድማችሁ ወስኑ፤ እኛ ከ20 15 አልን፤ በዕድል ብቻ 15ና ከዚያ በላይ መምታት ከመቶ ሁለት ጊዜ ያህል ነው።

ፖስታውን ጎረቤታችንን ጠርተን ቡና ላይ ቀደድነው። 9።

አክስቴ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩና «በል ሃይላንዶቹን አትጣል፣ ለአረቄ ይሆኑኛል» አሉኝ።