ሠፈራችሁን በሙያችሁ ለማገዝ፣ ከግድግዳው ግርጌ ጀምሩ

አርክቴክቸር ተመርቃችሁ ባሕር ዳር ሥራ እየፈለጋችሁ ከሆነ፣ ወይም ተቀጥራችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጊዜ ካላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የእናንተን ሙያ የሚፈልግ ቤት በየጉራንጉሩ ሞልቷል። ለአርክቴክት የሚከፍል ግን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ዝጉት። ሜትርና ደብተር ይዛችሁ ውጡ፣ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ ቤት ሕመሙ የሚታወቀው ሲዘንብ ነው። አስቀድማችሁ የእድሩን ዳኛ አናግሩ። እሳቸው «የእኛ ልጆች ናቸው» ካሉ በሩ ሁሉ ይከፈታል። ዝም ብላችሁ ገብታችሁ ፎቶ ብታነሱ ግን ለማፍረስ የተላካችሁ ይመስላቸዋል፣ ቢፈሩም አይፈረድባቸውም።

የጭቃ ቤት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከግርጌው ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ይፈናጠርና ምርጊቱን ያጥበዋል፣ ከውስጥ ያለው የባሕር ዛፍ ቋሚ ይርሳል፣ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባበታል። ሽምብጥ አካባቢ አንዲት እናት በየዓመቱ ጭቃና ጭድ አቡክተው ይለቀልቁታል። «ልጄ፣ መምረጉንስ አውቃለሁ፣ ለምን እንደሚረግፍ ግን ማን ነገረኝ?» ያሉኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ነገሩ ይሄው ነው፤ እኛ የምናውቀው እሳቸው ዘንድ አልደረሰም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የጣሪያውን ክፈፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ አውጡት። ከመሬት 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ በድንጋይ አስገንቡ፣ ዙሪያውን ውሃ የሚያሸሽ ቦይ አስቆፍሩ። አሸንዳ ከተገጠመለት ደግሞ ውሃው ራሱ ጥቅም ነው፦ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ገደማ ነው፣ ጥቂቱ ቢባክንም በርሜል ይሞላል። የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ ግን አስፈስሱት።

«ጭቃ የድሃ ነው» የሚላችሁ ካለ ዘጌ ውሰዱትና የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን አሳዩት። የጭቃውን ግድግዳ ሰፊው ጣሪያ ነው የሚጠብቀው። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬም በትውልድ መንደሩ በቡርኪና ፋሶዋ ጋንዶ፣ እ.ኤ.አ. 2001 በተጠናቀቀው ትምህርት ቤት ከመንደሩ ሰው ጋር የሸክላ አፈር ጡብ ሠርቶ፣ ከላይ ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ ዘረጋለት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የአርክቴክቸርን ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ተሸለመ።

ሐይቁ ዳር ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ከተጠየቃችሁ አትቸኩሉ። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ይመጣል፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ የጎረቤት ውሃም ይበከላል። የጎረቤቱ የውሃ ጉድጓድ ነሐሴ ላይ ውሃው የት እንደሚደርስ ጠይቁ። የመጸዳጃው ጉድጓድ ታች ከዚያ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፣ ከውሃው ጉድጓድም 30 ሜትር ይራቅ። ውሃው ለመሬቱ ቅርብ ከሆነ ጉድጓዱን በድንጋይ ከመሬት በላይ ከፍ ማድረግ አለ፣ ይህን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተማከሩበት። አፈሩ መረሬ (ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) ከሆነ ወይም ምሰሶ የሚነካ ሥራ ካለ መሐንዲስ ሳያይ እንዳትጀምሩ። ገንዘብም ቃል አትግቡ።

ፕላኑን በወረቀት ብቻ አታሳዩ። ግቢው ውስጥ በአመድ እውነተኛ ልኩን አስምሩና የቤቱ ባለቤት ይዙሩበት። አልጋው የት ይሆናል? ምድጃውስ? «እዚህ ጋ ጠቦኛል» ካሉ ያኔውኑ በእግራችሁ አጥፍታችሁ አስተካክሉ። ለግንበኛውም ለእሳቸውም ከየትኛውም ሥዕል ይልቅ ይሄ ይገባቸዋል። ግንበኛውን ደግሞ አዳምጡት፣ የአካባቢውን ድንጋይ ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ሐምሌ ተመለሱ፣ ያንን ግርጌ በእጃችሁ ዳስሱት። እርጥብ ከሆነ አሸንዳው ወይም ቦዩ ላይ የቀረ ሥራ አለ ማለት ነው።