ጅማ ላይ ዝናብና ነፋስ መብራት ሲወስድ የምንሠራቸው ስህተቶች

የጅማ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም። በልግ ላይ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ነፋስ ሲቀላቀልበት ዛፍ መስመር ላይ ይወድቃል፣ ምሰሶ ይዘማል፣ ከአጋሮ እስከ ዴዶ ገጠሩ ይጨልማል። ይህንን ሁላችንም ለምደነዋል። እኔን የሚያሳስበኝ መብራት ከሄደ በኋላ የምናደርገው ነገር ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት «መብራት ስለጠፋ የወደቀው ሽቦ ኮረንቲ የለውም» ብሎ ማመን ነው። ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ በገጠር የሚያልፈው ትልቁ መስመር ግን ብዙውን ጊዜ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ሽቦ መሬት ስለነካ ብቻ መስመሩ ሁልጊዜ አይቋረጥም። ቢቋረጥም መልሶ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ መሬቱ ውሃ ካቆረ ከዚያም በላይ። ሽቦው አጥር ላይ ካረፈ አጥሩንም አትንኩ።

ሳታዩት አጠገቡ ከደረሳችሁ አትሩጡ። ኮረንቲው በመሬቱ ውስጥ ይሰራጫል፤ እግራችሁን ካራራቃችሁ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እግራችሁን ገጥማችሁ፣ ከመሬት ሳታነሱ፣ በትንሽ በትንሹ እያንሸራተታችሁ ውጡ። ከብት የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ ቶሎ ይመታል። እረኛ ልጅ ደግሞ በሬው ሲወድቅ ሮጦ ሊያነሳው ይሄዳል። እባካችሁ ለልጆቻችሁ ይህንን ዛሬውኑ ንገሯቸው። ኮረንቲ የያዘው ሰው ብታዩም መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ አትቅረቡ፤ በዚህ ቮልት እርጥብ እንጨት አያድናችሁም።

ዝናቡ ሲያባርር ዋንዛ ሥር መጠለልም እንደዚያው አደገኛ ነው። መብረቅ ረጅም ዛፍ ይመርጣል። ቤት ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ሌላው ከሰል ነው። ምጣዱና ምድጃው ሲቆም፣ ብርዱም ሲበረታ፣ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ይመጣል። የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰሉ ጭሱ ጠፍቶ ፍም ሲሆን «አሁን ደህና ነው» ይባላል፤ ፍሙም ጋዙን ያወጣል። ከሰል ባለበት ክፍል ፈጽሞ አትተኙ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመረ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ።

ጄኔሬተር ያላችሁ በረንዳ ላይ እንኳ አታስነሱት፤ ጭሱ በመስኮት ይገባል። ከቤቱ ሶኬት ጋር በገመድ ማገናኘት ደግሞ የሰው ነፍስ ያጠፋል። ኮረንቲው ወደ ኋላ ሄዶ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ወደ ሺዎች ቮልት ያድጋል፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነው ሠራተኛ ደግሞ መስመሩ የተዘጋ ይመስለዋል።

መብራት እንደሄደ ምጣድ፣ ካውያ፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ንቀሉ። መብራት ሲመጣ እንድታውቁ የአንድ አምፖል ማብሪያ ብቻ እንደበራ ተዉት። ሲመጣ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ታገሱ፣ ብልጭ ድርግም ማለቱ እስኪቆም። ፍሪጁን አትክፈቱት፤ ተዘግቶ ለ4 ሰዓታት ያህል ምግብ ይጠብቃል።

ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል፣ 905፣ ስትደውሉም «መብራት ጠፋ» ብቻ አትበሉ። ሽቦ ወድቆ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ተናገሩ፤ ከዚያ ቀበሌውን፣ በአቅራቢያው ያለውን ትምህርት ቤት ወይም መስጊድ ጥቀሱ። እስኪመጡም ከሩቅ ሆኖ መንገደኛ የሚመልስ ሰው አቁሙ።