የድሮ መልክ፣ አዲስ ሞተር፦ ያገለገለ ቦኔቪል ከመግዛትዎ በፊት የሚፈትሹት

ክብ የፊት መብራት፣ በሁለቱም ጎን ጉልበት የሚያርፍበት ሸንተረር ያለው የነዳጅ ታንክ፣ ረጅም ጠፍጣፋ መቀመጫና ከግራና ከቀኝ ወደ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ማርሚታዎች ያሉትን ሞተር ሳይክል ቆሞ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። እኔ በምኖርበት በእንግሊዝ አገር የዚህ ዓይነቱ ሞተር ሳይክል በነዳጅ ማደያ በቆመ ቁጥር አንድ አዛውንት ቀርበው «የስንት ዓመት ነው?» ብለው መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ የአምስት ዓመት መሆኑ ሲነገራቸውም ይገረማሉ። መልኩ የስድሳዎቹ ቢሆንም ውስጡ የዛሬ ነው። ያገለገለውን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ ፍተሻውን የሚጀምረው ይህን በመረዳት ነው፤ ምክንያቱም ዘመናዊ በሆነው ክፍሉ ብዙም አያስቸግርም፣ የሚያስቸግረው በእውነት የድሮ ሆኖ በቀረው ክፍልና የቀድሞው ባለቤት በነካካው ቦታ ነው። ለምሳሌ የምወስደው በደንብ የማውቀውን፣ የእንግሊዙን የሞተር ሳይክል አምራች የትራየምፍን ቦኔቪል ሲሆን፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ቦኔቪል የ1959 ሞዴል ሆኖ የወጣ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደርና ባለ 650 ሲሲ ሞተር ነበር፤ ስሙም በ1956 በትራየምፍ ሞተር የሚነዳ ተሽከርካሪ በሰዓት ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ከሮጠበት፣ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ከሚገኘው የቦኔቪል የጨው ሜዳ የተወሰደ ነው። የዚያ ዘመን ሞተር የታችኛው ቤት ከላይ ወደ ታች ለሁለት ተከፍሎ የሚገጣጠም በመሆኑ ዘይት በመገጣጠሚያው በኩል ማዝመሙ የታወቀ ነበር። ትራየምፍ ይሠራበት የነበረው የሜሪደን ፋብሪካ በ1983 ከተዘጋ በኋላ ጆን ብሉር የተባሉ የቤት ግንባታ ባለሀብት የትራየምፍን ስም ገዝተው በሂንክሊ ከተማ አዲስ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ቦኔቪል የሚለውን ስም ግን እስከ 2001 ድረስ አልመለሱትም። የተመለሰው ሞተር ከአሮጌው የወረሰው ቅርጹን እንጂ አሠራሩን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የወጡትን በሦስት ትውልድ ከፍሎ ማየት ለገዢ ይጠቅማል። ከ2001 ጀምሮ የተሠሩት በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዙ፣ መጀመሪያ 790 ኋላም 865 ሲሲ የሆኑና ነዳጅን ከአየር የሚያደባልቅ ካርቡሬተር ያላቸው ናቸው። ከ2008 ገደማ ጀምሮ ካርቡሬተሩ በኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ ተተካ፤ ይሁን እንጂ መርጫው የተቀመጠበት አካል ካርቡሬተር እንዲመስል ተደርጎ ስለተቀረጸ ብዙ ሰው በዓይኑ ብቻ አይለየውም። በ2016 ደግሞ ባለ 900 እና ባለ 1200 ሲሲ የሆኑ፣ በውሃ የሚቀዘቅዙ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ኤቢኤስና የመንሸራተት መቆጣጠሪያ የተገጠመላቸው ሞተሮች መጡ፤ ራዲያተራቸው በፊተኛው የብረት አካል መካከል ጠባብ ሆኖ ስለተሸጎጠ ከጎን ሲታይ ያለ አይመስልም። ባለ 1200 ሲሲው ቲ120 ከፍተኛውን የማዞር ጉልበቱን፣ 105 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው በደቂቃ 3100 ዙር አካባቢ ነው። የእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ውበት በዓይን ብቻ የሚወሰን አለመሆኑ እዚህ ላይ ይገባል፤ ሞተሩን ሳያስጮኹ፣ ማርሽ ሳይቀያይሩ፣ ቀና ብለው ተቀምጠው ዳገቱን መውጣት ይቻላል።

የኔ ምክር እንዲህ ነው፦ በራሱ እጅ መፍታትና መግጠም የሚወድ ሰው የ865 ሲሲውን ባለ ነዳጅ መርጫ ይያዝ፤ በየቀኑ የሚነዳና ጥገናውን ለባለሙያ የሚሰጥ ሰው ከ2016 ወዲህ ያለውን ይምረጥ። ባለ ካርቡሬተሩ ደስ የሚል ድምፅና ጠባይ አለው፤ ነገር ግን ክረምቱን ነዳጅ በውስጡ እንደያዘ ከቆመ ቀጫጭን የነዳጅ ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ ለሚያቆመው ሰው አልመክርም።

ሞተር ሳይክሉን ከማየትዎ በፊት ወረቀቱን ይዩ። በእንግሊዝ የማንኛውም ተሽከርካሪ የዓመታዊ ምርመራ ታሪክ ታርጋውን ብቻ በማስገባት በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፤ በእያንዳንዱ ምርመራ የተመዘገበው የርቀት ቁጥርም አብሮ ስለሚታይ ርቀቱ ወደ ኋላ የተመለሰ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ቪ5ሲ የተባለው መዝገብ የሚያሳየው በስሙ የተመዘገበውን ሰው እንጂ ሕጋዊውን ባለቤት አለመሆኑን በቅንፍ ሳይሆን በጉልህ ልብ ይበሉ፤ ስለዚህ ዕዳና ስርቆት እንደሌለበት ለብቻው ያስጣሩ። ቁልፉም ሁለት መሆን አለበት፤ አዳዲሶቹ ቁልፎች ሞተሩን የሚያስነሳ የኤሌክትሮኒክስ መለያ ስላላቸው የጠፋውን ማስተካት ውድ ነው።

ሻጩን ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሳ በስልክ ይንገሩት። ሲደርሱ ሰላምታ ከተለዋወጣችሁ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርጉት እጅዎን የሞተሩን ጎን ማስነካት ይሁን፤ ሞቅ ካለ ሻጩ ጠዋት እምቢ የሚልን ሞተር ደብቆ ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነስተው ያዳምጡት። ጤነኛ ሞተር በአንድ ሁለት ዙር ተነስቶ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ ከቆየ በኋላ ረጋ ይላል። የባትሪውን ኃይል መለኪያ ይዘው ከሄዱ ሳይነሳ 12.6 ቮልት ያህል፣ ተነስቶ በመካከለኛ ዙር ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት።

አሁን ወደ ጎማው ዝቅ ይበሉ፤ ጊዜዎን የሚያጠፉበት ቦታ ይህ ነውና። ቲ100 እና ቲ120 የተባሉት የቦኔቪል ዓይነቶች የሚሽከረከሩት እንደ ጥንቱ በቀጫጭን ሽቦዎች በተወጠረ ቸርኬና በውስጥ ጎማ ነው። በትንሽ መፍቻ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቀስታ መታ መታ ያድርጓቸው፤ የተወጠረው ሽቦ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የላላው ወይም የተሰበረው ደንዘዝ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሽቦው ቸርኬውን ከሚይዝበት ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ወይም ዝገት ካዩ ያ ሞተር ሳይክል በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው በተበተነበት ክረምት ተነድቶ ሳይታጠብ የተቀመጠ መሆኑን ይገንዘቡ። ከዚያ የጎማውን ጎን እየዞሩ በሞላላ ክፈፍ ውስጥ የተጻፉትን አራት አኃዞች ይፈልጉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ሁሉ ደኅና ጎማ አይደለም፤ ዕድሜው የገፋ ጎማ ደርቆ በእርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል።

የውስጥ ጎማ ጉዳይ ራሴ የተማርኩት ነው። አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከቤቴ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ሳለ ሚስማር ወጋኝ፤ የውስጥ ጎማ የሌለው ጎማ ቢሆን አየሩ ቀስ እያለ ስለሚወጣ በመድፊያ ደፍኜ እቀጥል ነበር፤ የውስጥ ጎማ ግን ሲወጋ ባንድ ጊዜ ይተነፍሳል፣ ለመጠገንም መንኮራኩሩን ማውለቅ ያስፈልጋል። መኪና እስኪመጣልኝ አራት ሰዓት በዛፍ ሥር ቆሜያለሁ። ስለዚህ ይህ የሚያሳስብዎት ከሆነ ሽቦ አልባ ወጥ ቸርኬ ያለውን ባለ 900 ሲሲውን ስትሪት ትዊን ይመልከቱ፤ መልኩ ትንሽ ቢቀንስም የሚያሳጣዎት እምብዛም ነው።

ቀጥሎ መቀመጫውን ከፍተው ከሥሩ ያሉትን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ይመርምሩ። የዚህ ዓይነት ሞተር ሳይክል ገዢዎች ኋላውን ማሳጠር፣ ማርሚታውን መቀየር፣ የአቅጣጫ ጠቋሚ መብራቱን በትንንሽ መብራት መተካት ይወዳሉ፤ መውደዳቸው አይነቀፍም፣ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ በጋራዥ ጥግ በፕላስተር የተጠቀለለ ነው። ሽቦ ተቆርጦ ተጠማዝዞ፣ ሳይበየድ ፕላስተር ብቻ ተደርጎበት ካገኙ ዋጋው ምንም ቢቀንስ ይተዉት፤ በዝናብ ጊዜ አንዴ የሚጠፋ፣ አንዴ የሚበራ ብልሽት ከየት እንደሚመጣ ማግኘት ከሞተር ጥገና ይብሳል። ማርሚታው ተቀይሮ የነዳጅ መርጫው የኤሌክትሮኒክስ ቅንብር ካልተስተካከለ ደግሞ ሞተሩ ነዳጅ ሊያንሰው ይችላልና የነዳጅ መስጫውን ሲለቁ የሚፈነዳ ድምፅ እንዳለው ያዳምጡ። ባለቤቱ የወለቁትን ኦሪጂናል ዕቃዎች ካስቀመጠ ጥሩ ሰው ነው፤ ዋጋ ውስጥ ያስገቡለት።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። የፊት ሹካውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ጠርገው ዘይት ካለበት ማገጃው ተበልቷል፤ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተው መሪውን ቀስ ብለው ሲያዞሩ መሃል ላይ ጎድጎድ ካለ መሽከርከሪያው አርጅቷል፤ ሰንሰለቱን በተለያየ ቦታ እየጎተቱ ውጥረቱ የማይስማማ ከሆነ ከጥርሶቹ ጋር መቀየር አለበት።

ባጀትዎ ወይም መንጃ ፈቃድዎ ቦኔቪልን ካልፈቀደ ከ2018 ጀምሮ የወጣው የሮያል ኢንፊልድ ባለ 650 ሲሲ ኢንተርሴፕተር ተገቢ አማራጭ ነው። በሕንድ ቼናይ የሚሠራው ይህ ሞተር 47 የፈረስ ጉልበት ያህል ስላለው በአውሮፓ 35 ኪሎ ዋት በሚል የተገደበ ፈቃድ ያለው ሰው ሳያስቀንስ መንዳት ይችላል። ቫልቮቹ የሚስተካከሉት በተራ ብሎንና በመቆለፊያ ዳዶ ስለሆነ ትዕግሥት ያለው ሰው በራሱ ጓሮ ይሠራዋል። ከላይ የጻፍኩት የሽቦና የውስጥ ጎማ ፍተሻ ለዚህም እንዳለ ይሠራል።

ከገዙ በኋላ የቀድሞው ባለቤት «አሁን ነው ያስቀየርኩት» ቢልዎትም ደረሰኝ ካላሳየ በስተቀር የሞተሩን ዘይትና ማጣሪያ፣ የፍሬኑንም ዘይት ይቀይሩ፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ሳይነዳ ቢቆምም በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። የውሃ ማቀዝቀዣ ያለው ቦኔቪል መደበኛ ሰርቪስ በየ16,000 ኪሎ ሜትሩ ነው፤ ያን ያህል ባይነዱም ግን በዓመት አንድ ጊዜ ያሳዩት። መንገዱ ጨው በተበተነበት ቀን ከነዱ ማታውኑ በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡት፣ ሙቅ ውሃ ጨውን ይበልጥ ያነቃዋልና፤ ሲደርቅም የሽቦዎቹን ጫፍና የማርሚታውን ሥር በዝገት መከላከያ ዘይት በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ።