ከሞጆ እስከ ዝዋይ በሳይክል እንዴት እንደሚኬድ (እሾሁን ጨምሮ)

አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ ሳይክልም የለመድኩት እዛው ነው፣ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ለቆ መውረድ ከዛ መመለሻው ላይ ሳንባ እስኪፈነዳ ዳገቱን መግፋት። እዚህ ከተማ የነዳ ሰው ሜዳ ሲባል እረፍት ነው የሚመስለው። እኔም እንደዛ ብዬ ነው መጀመሪያ ወደ ስምጥ ሸለቆ የወረድኩት፣ ዳገት የለ ቁልቁለት የለ ምን ያስቸግራል አልኩ፣ የዛን ቀን ሦስት ጊዜ ጎማ ተንፍሶብኝ መቂ የገባሁት ከመሸ በኋላ ሳይክሌን እየገፋሁ ነው። ከዛ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ አሁን የምጽፈው ያኔ የሚነግረኝ ሰው ያጣሁትን ነው።

መጀመሪያ አገሩን እንወቀው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ሞጆ ስትደርሱ 1,800 ገደማ ትሆናላችሁ፣ የዝዋይ ሐይቅ ደሞ 1,636 ሜትር ላይ ነው። ከሞጆ ዝዋይ (ባቱ) ያለው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ይቻላል ሜዳ ነው፣ በመሀል አዋሽን ትሻገራላችሁ፣ የቆቃን ሐይቅ በጎን ታያላችሁ፣ ዓለም ጤናን አልፋችሁ መቂ፣ ከመቂ በኋላ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያጠጣ የመስኖ ቦይ በየቦታው ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ይሁን። ክረምት ላይ አትሞክሩት፣ ሞጆና ዱከም አካባቢ ያለው መረሬ አፈር አንዴ ከአስፋልት ከወጣችሁ ጎማና ፍሬን መሀል ገብቶ ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ በእንጨት እየፋቁ መሄድ ነው።

ሳይክሉ ተራ ማውንቴን ቢሆን ይበቃል። ቀጭን ጎማ ያለውን የእሽቅድምድም ሳይክል አልመክርም፣ መርካቶ ሄዳችሁ ያገለገለም ብትገዙ ችግር የለውም፣ ዋናው ፍሬኑ መያዙና ቸርኬው አለመወላገዱ ነው። ከኋላ ፖርቶመጋላ አስገጥሙና ዕቃውን እዛ ላይ እሰሩ፣ ጀርባ ላይ ቦርሳ አዝሎ በዛ ሙቀት 90 ኪሎ ሜትር መንዳት ትከሻን ይገድላል። ለማሰሪያ የተሸጠላችሁን ላስቲክ ተዉትና ከአሮጌ ከመነዳሪ (ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ) በረጅሙ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ፣ እሱ አይላላም። ከመሄዳችሁ በፊት ጭነቱን እንደጫናችሁ እሁድ ጠዋት ከስድስት ኪሎ መስቀል አደባባይ ውረዱና ተመለሱ፣ የሚንኳኳ ነገር ካለ እዛው ይታወቃል።

ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ ግን አትንዱ። ይሄ ላይ ብዙ ሳይክል የሚወዱ ጓደኞቼ አይስማሙም፣ ከቤቴ በር ካልተነሳሁ ጉዞ አይባልም የሚሉ አሉ። የፍጥነት መንገዱ ላይ ሳይክል ክልክል ነው፣ የሚቀረው በአቃቂ በዱከም በቢሾፍቱ የሚሄደው አሮጌው መንገድ ነው፣ ሞጆ ደግሞ ደረቅ ወደብ ስላለ ከጅቡቲ ኮንቴነር የጫነው ተሳቢ ሁሉ እዛ ይመላለሳል፣ አጠገባችሁ ሲያልፍ ንፋሱ ብቻ መሪያችሁን ያስታል። ሁለቴ ነድቼዋለሁ፣ ሁለቴም ሞጆ የደረስኩት ከመንገዱ ምንም ሳላይ መስታወትና ጎማ ብቻ ሳስብ ነው። ቃሊቲ መናኸሪያ ሂዱ፣ ረዳቱን አነጋግሩ፣ ሳይክሉን ጣራ ላይ አስጭኑ፣ ሞጆ ውረዱ፣ በቃ። ከሞጆ ወደ ደቡብ ያለው አሮጌ መንገድ ግን የሞጆ ሐዋሳው የክፍያ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ፈጣኑ መኪና ወደዛ ስለዞረ በጣም ቀሎታል።

አሁን ወደ እሾሁ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ጉዞ የሚያበላሸው እሱ ነው።

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የግራር እሾህ ነው፣ ነጭ ረጅም ቀጥ ያለ፣ እረኞች አጥር ሲያጥሩ ወይ እንጨት የጫነ ጋሪ ሲያልፍ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ካስተዋላችሁ ይታያል። ሁለተኛው ቁርንጭት ነው፣ ትንሽ ቢጫ አበባ ያለው መሬት ለመሬት የሚሳብ ተክል፣ ፍሬው ሲደርቅ እንዴትም ብሎ ቢወድቅ አንዱ ሹል ወደላይ ነው። የሚበቅለው ደግሞ አስፋልቱ ዳር ላይ ነው፣ ልክ መኪና ሲመጣባችሁ የምትወጡበት ቦታ። ስለዚህ መኪና ከኋላ ሲመጣ በድንጋጤ ጥግ አትያዙ፣ መስመራችሁን ጠብቃችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ መውጣት ግድ ከሆነ ቆማችሁ ሳይክሉን አንሱትና አውጡት፣ ከመመለሳችሁ በፊት ሁለቱንም ጎማ እያሽከረከራችሁ በጓንት ወይ በጨርቅ አብሱ።

እሾህ ተሰክቶ ካያችሁ ግን ጎማው ካልተነፈሰ አትንቀሉት። ብዙ ጊዜ ራሱ እሾሁ ቀዳዳውን ደፍኖ ይዞ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል፣ ነቅላችሁት ከሆነ ፀሐይ ላይ ቁጭ ማለት ነው።

የኔ ስህተት ይሄ ነበር። መጀመሪያ ቆቃን አልፌ ተነፈሰብኝ፣ ከመነዳሪውን አውጥቼ ቀዳዳውን አገኘሁ፣ ለጠፍኩ፣ ነፋሁ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ደገመኝ። እንደገና ለጠፍኩ። ደገመኝ። ማስቲሹ ነው ብዬ አማረርኩ፣ ለነገሩ እሱም ሁለተኛው ቱቦ ስከፍተው እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር (ስትገዙ እዛው ሱቁ በር ላይ ከፍታችሁ እዩ)። መቂ ስደርስ አንድ ጎሚስታ በባትሪ መብራት እየሰሩ አገኘሁ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ሁለት ጊዜ ለጥፌዋለሁ እምቢ አለኝ ስላቸው ከመነዳሪውን ለማየት እንኳን አልፈለጉም። “ጎማውን አምጣው ልጄ” አሉኝ። የነጠላ ቁራጭ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ጎማውን ከውስጥ በኩል ቀስ እያሉ ዞሩት፣ አንድ ቦታ ላይ ጨርቁ ያዝ አደረገው። ከውጪ ምንም አይታይም። በጥፍር መቁረጫ ቆንጥጠው አወጡና አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አድርገው አሳዩኝ፣ የሰሊጥ ፍሬ የማታክል የእሾህ ጫፍ። ግማሹ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቶ እያንዳንዱን አዲስ ልጥፍ አጠገቡ እየወጋ ያስተነፍስብኝ የነበረው እሱ ነው።

ከዛ ቀን ጀምሮ እንደዚህ ነው የምሰራው። ጎማውን ሳላወጣ በፊት ቫልቮላው ያለበትን ቦታ ጎማው ላይ በእስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። ጎማውን የማላቅቀው በማንኪያ እጀታ ነው፣ በካቻቢቴ ፈጽሞ አትሞክሩት፣ በሱ የራሴን ከመነዳሪ በስቻለሁ። ከመነዳሪውን ነፍቼ ከንፈሬ አጠገብ አዞረዋለሁ፣ ጆሮ መኪና ሲያልፍ አይሰማም ከንፈር ግን ትንሽ አየርም ቢሆን ይሰማዋል፣ ካልተገኘ ከሃይላንዱ ትንሽ ውሃ አፍስሼ አረፋውን አያለሁ። ቀዳዳው ሲገኝ ከመነዳሪውን ቫልቮላውን ከምልክቱ ጋር አጋጥሜ ጎማው ላይ አስተኛዋለሁ፣ ቀዳዳው ያረፈበት ቦታ ላይ ነው እሾሁ ያለው፣ ወይ በዚህ ጎን ወይ ገልብጣችሁት በዛኛው። ጨርቁን አዙሩ፣ አውጡት፣ አንዱን ካገኛችሁ በኋላም ሙሉ ዙር ጨርሱ ምክንያቱም ቁርንጭት ለብቻው አይመጣም።

ልጥፉ ላይ ሰው የሚቸኩለው ማስቲሹ ላይ ነው። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማስቲሹን በስሱ ቀቡ፣ ከዛ ጠብቁ። ማብረቅረቁን ትቶ ስትነኩት ጣት ላይ እስከማይቀር፣ አምስት ደቂቃ ገደማ። እርጥብ እያለ ከለጠፋችሁት ይንሸራተታል። ከዛ በማንኪያው ጀርባ ከመሀል ወደ ዳር ጫን ጫን አድርጋችሁ እሹት። ከመነዳሪውን ስትመልሱት ትንሽ አየር ሰጥታችሁ ይሁን፣ ባዶውን ከሆነ ጎማና ቸርኬ መሀል ይቆነጠጣል።

መከላከያ ከፈለጋችሁ አሮጌ ከመነዳሪ ዙሪያውን ሰንጥቃችሁ በጎማውና በአዲሱ መሀል አንጥፉት። ይከብዳል፣ ግን ለቁርንጭት ይሰራል፣ ለግራር አይሰራም። መለዋወጫ ከመነዳሪ ሁለት ያዙ፣ አንድ አይበቃም።

ሌላው ንፋስ ነው። ሜዳ ላይ የሚከልል ነገር የለም፣ ጠዋት ጸጥ ያለው አየር ወደ ቀትር ይነሳል፣ ከፊት ከመጣ ከዳገት ይብሳል ምክንያቱም ዳገት ጫፍ አለው። ስለዚህ ሞጆ አድራችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፔዳል ላይ መሆን አለባችሁ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ መቂ ግቡ። ንፋስ ከያዛችሁ ማርሽ አቅልሉ፣ ጎንበስ በሉ፣ ከሁለት በላይ ከሆናችሁ እየተፈራረቃችሁ አንዱ ፊት ይምራ። እኔ ጉዞውን ለሁለት ቀን ከፍዬ መቂ ማደሩን ነው የምመርጠው።

ከመቂ በኋላ አስፋልቱን ትታችሁ በቦዩ ዳር መንዳት ይቻላል፣ ለኔ የጉዞው ምርጡ ክፍል እሱ ነው። ጠዋት ላይ የውሃ መሳቢያው ሞተር ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፣ ቦዩ ዳር አባ ኮዳ ቆሞ ሳይክሉ ሁለት ሜትር እስኪቀርበው አይንቀሳቀስም። ግን መንገዱ የገበሬው ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ውረዱና ሰላም በሉ፣ በኦሮምኛ “አካም” ማለት ከቻላችሁ ፊት ሁሉ ይፈታል፣ ማለፍ እንችላለን ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ያጠጡትን መደብ አትርገጡ፣ የተዘረጋ ጎማ ቱቦ ላይ አትንዱ።

ውሃው ግን ያምራል ብላችሁ አትግቡበት። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቢልሃርዝያ አለ፣ እግር ማጥለቅ ብቻ ይበቃዋል። ጉማሬም አለ፣ ወደ ማታ ለግጦሽ ይወጣልና ሲመሽ ሸምበቆው ጋ አትቁሙ። የቆቃን ውሃ ደሞ አፍልታችሁም አትጠጡ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ መርዙ በማፍላት አይጠፋም። ውሃ ከየከተማው ግዙ፣ በሰው አራት ሊትር ያዙ። ቆላ ነውና ወባ አለ፣ አጎበር ያለው አልጋ መኖሩን ሳታረጋግጡ ክፍል አትያዙ።

ዝዋይ አንድ ቀን ብትጨምሩ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ትሄዳላችሁ። አምስት ናቸው፣ ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት፣ የዛይ ሕዝብ የሚኖርባት፣ በአባቶች ትውፊት በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ተሸሽጋ የቆየችባት። ጀልባውም በጠዋት ነው፣ ከሰዓት ሐይቁ ይናወጣል።

መመለሻው በመኪና ነው፣ 700 ሜትር ሽቅብ መልሳችሁ አትንዱት። ጣራ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ፔዳሎቹን ፍቱ፣ የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ነው የሚፈታው፣ ይሄን ሳያውቁ አጥብቀው የሰበሩ አሉ። ሳይክሉ ሲተኛ ማርሹ ያለበት ጎን ወደላይ ይሁን፣ ገመዱ የሚነካበት ቦታ ካርቶን አድርጉ፣ ሂሳቡን ሳትጭኑ በፊት ተስማሙ። ቃሊቲ ስትወርዱ ቸርኬዎቹን አሽከርክራችሁ እዩ። እቤት ስትገቡ ሰንሰለቱን ከአቧራ አጽዱና ዘይት ቀቡት፣ ከዛ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ሁለቱንም ጎማ ከውጪ አንድ ዙር ዞሩት። እኔ ባለፈው አራት ኪሎ ከገባሁ በኋላ ሁለት ቁርንጭት አውጥቻለሁ።